«ቤት ቆልፈንበት ቢያቆምስ?»

ደብዳቤው ረጅም ስለሆነ አሳጥሬ አቅርቤዋለሁ።

«ሰላም ላንተ ይሁን። የምጽፍልህ ስለ ታላቅ ወንድሜ ነው። 41 ዓመቱ ነው። በብየዳ ነው የሚተዳደረው፤ ጎበዝ ባለሙያ ነበር። አሁን ጠዋት ጠዋት እጁ ስለሚንቀጠቀጥ ሥራ የሚሰጠው ሰው ጠፍቷል። በቀን ግማሽ ጠርሙስ የሀገር አረቄ ይጨርሳል። ማታ ግሮሰሪ ጎራ ካለ ቢራ ይጨምርበታል። ከሰዓት በኋላ ጫትም አለ።

እናታችን ጠዋት ተደብቃ አንድ መለኪያ ትቀዳለታለች። ደርሼባት ተጣላን። "የቡና ሲኒ መያዝ አቅቶት እያየሁ ዝም ማለት አልችልም" አለችኝ። ለእኔ ግን ልጇን የምትገድለው እሷው ናት።

አሁን ራሱ "ሰልችቶኛል፣ አቆማለሁ" ብሏል። አጎታችን ፍልሰታ ሲገባ ቤት ቆልፈንበት፣ እየጾመ፣ ጸበል እየጠጣ በሁለት ሳምንት ይለቀዋል ይላሉ። ነርስ የሆነች ጓደኛዬ ደግሞ ሆስፒታል ሳይተኙ፣ እየተመላለሱ መድኃኒት ወስዶ ማቆም ይቻላል አለችኝ። ጎረቤታችን ጋ የተረፈ ቫልየም አለ፣ እሱን ብንሰጠውስ? አማኑኤል ግን በፍጹም አይሄድም፤ እኛም ስሙ እንዲነሳ አንፈልግም። ካቻምና አንዴ ለማቆም ሞክሮ ነበር። በሁለተኛው ቀን ማታ ወድቆ ተንፈራገጠ፣ አረፋ ደፈቀ። ክብሪት አሽትተነው ነቃ። ከዚያ ወዲህ ፈርቶ መጠጡን ቀጠለ። ምን ትመክረኛለህ?

የጨነቃት እህት፣ ከኮልፌ»

እህቴ፣ ከደብዳቤሽ ሁሉ ቀልቤን የያዘው መጨረሻ አካባቢ እንደ ዘበት ጣል ያደረግሽው ነገር ነው። «በሁለተኛው ቀን ማታ ወድቆ ተንፈራገጠ» ያልሽው። የሌሎቹ ጥያቄዎችሽ መልስ ያለው እዚያ ውስጥ ነው። ስለዚህ ሐሳቤን አስቀድሜ ልንገርሽ። ቤት መቆለፉ አይሆንም። የጎረቤት ቫልየምም ይቅር። ጓደኛሽ ያለችው፣ እየተመላለሱ መታከሙ፣ እውነት ነው፤ ጥሩም ነው። ወንድምሽ ግን የመጀመሪያዎቹን ቀናት ሆስፒታል ተኝቶ ቢያልፋቸው ይሻላል። እስከዚያ ድረስ በድንገት እንዳያቆም። ይህ የመጨረሻው ለጆሮ እንደሚከብድ አውቃለሁ። ስንት ዓመት «ተው» ስትዪው ኖረሽ አሁን «እንዳያቆም» ስትባይ ግራ ያጋባል።

ነገሩ እንዲህ ነው። አልኮል አንጎልን ያደነዝዛል። ሰው ለዓመታት በየቀኑ ሲጠጣ ግን አንጎሉ እጁን አጣጥፎ አይቀመጥም። መደንዘዙን ለመቋቋም ራሱን ከመጠን በላይ ማንቃት ይለምዳል። አንድን በር ከውስጥና ከውጭ የሚገፉ ሁለት ሰዎችን አስቢ። አንደኛው ድንገት ሲለቅ ሌላኛው በአፍጢሙ ይደፋል። መጠጥ በአንድ ሌሊት ሲቋረጥ አንጎል የሚሆነው እንደዚያ ነው።

አመጣጡም ቅደም ተከተል አለው። ከመጨረሻው ብርጭቆ በኋላ 6 ሰዓት ያህል ቆይቶ እጅ መንቀጥቀጥ፣ ላብ፣ ማቅለሽለሽ፣ ጭንቀት፣ እንቅልፍ ማጣት ይጀምራል። ወንድምሽ ጠዋት ሲኒ አልያዝ የሚለው ሌሊቱን ሳይጠጣ ስላደረ ነው። በመጀመሪያዎቹ 48 ሰዓታት ውስጥ አንዳንዱ ሰው ይወድቅና ይንፈራገጣል። ከሁለተኛው እስከ አራተኛው ቀን ድረስ ደግሞ ከሁሉም የከፋው ሊመጣ ይችላል። ሰውየው ቀኑና ቦታው ይጠፋበታል። የሌለ ነገር ያያል፤ ግድግዳው ላይ ነፍሳት ሲርመሰመሱ ይታየዋል፣ ከላዩ ላይ ሊያራግፋቸው ይታገላል። ሰውነቱ ይግላል፣ ልቡ በኃይል ይመታል። ሐኪሞች ዴሊሪየም ትሬመንስ ይሉታል። ካልታከመ ይገድላል። ሄሮይን እንኳ ሲቋረጥ ያሰቃያል እንጂ አብዛኛውን ጊዜ በራሱ አይገድልም። በየመንደሩ በመለኪያ የሚሸጠው አረቄ ግን መቋረጡ ብቻ ሰው ሊገድል ይችላል። ይህን ብዙ ሰው አያውቀውም።

ካቻምና ሲወድቅ ሰፈሩ ምን እንዳለ አልጻፍሽልኝም። መገመት ግን አያቅተኝም። «የሚጥል በሽታ ነው»፣ «ልክፍት ነው»፣ «ሊለቀው ሲል ጣለው» ሳይባል አልቀረም። ቀኑን ብቻ ቁጠሪው። ባቆመ በሁለተኛው ቀን ነው። ልክፍት ሰዓት አክብሮ አይመጣም።

ጓደኛሽ ያለችውን ሕክምና ትንሽ ዘርዘር ላድርገው። ይህን የሚያነብ ሌላ ቤተሰብ ሊጠቀምበት ይችላል፤ ለብዙ ጠጪም የሚበቃው እሱ ነው። ሰውየው መጀመሪያ ሐኪም ዘንድ ይቀርባል። ምን ያህል እንደሚጠጣ፣ መጨረሻ የጠጣው መቼ እንደሆነ፣ ከዚህ በፊት ሲያቆም ምን እንደገጠመው ይጠየቃል። የደም ግፊቱና የልብ ምቱ ይለካል። ጉበቱና ስኳሩ በደም ምርመራ ይታያል። «እጅህን ወደፊት ዘርጋ፣ ጣቶችህን ፈልቀቅ አድርግ» ብለው መንቀጥቀጡን ያያሉ። 10 ምልክቶችን የሚያይ መመዘኛ አላቸው፤ ላቡ፣ ጭንቀቱ፣ ማቅለሽለሹ፣ ራስ ምታቱ እያንዳንዱ ቁጥር ይሰጠዋል። ድምሩ ከ10 በታች ከሆነ ነገሩ ቀለል ያለ ነው። ወደ 20 እየተጠጋ ከሄደ ግን ወደ ቤት የሚሸኝ ሰው አይደለም።

ከዚያ ዲያዜፓም ወይም ክሎርዲያዜፖክሳይድ ይታዘዝለታል። መድኃኒቱ አልኮሉ ይሠራው የነበረውን ሥራ ለጊዜው ይረከባል። ከዚያ በየቀኑ እየተቀነሰ በሳምንት አካባቢ ያልቃል። መጠኑን የማልጽፈው ሆን ብዬ ነው። ጉበቱ የተጎዳና ጉበቱ ደህና የሆነ ሰው እኩል አይወስዱም። ኪኒኑ በአንድ ጊዜ የሚሰጠው የአንድ ወይም የሁለት ቀን ብቻ ነው። የሚይዘውም በሽተኛው ሳይሆን ያልጠጣ የቤተሰብ ሰው ነው። የመጀመሪያዎቹን ቀናት በየዕለቱ ተመልሶ ይታያል። እንቅልፉ፣ ምግቡ፣ ግፊቱ ይጠየቃል። በመሀል ከጠጣ ደብቆ ኪኒኑን መቀጠል የለም፤ ለሐኪሙ ይነገራል።

አንድ ሌላ መድኃኒት አለ፤ ርካሽ ስለሆነ ሰው ይንቀዋል። ታያሚን ይባላል፣ ቫይታሚን ቢ1 ነው። ብዙ የሚጠጣ ሰው አይበላም፤ የበላውንም አንጀቱ በደንብ አይወስደውም። ቢ1 ሲያልቅበት ዓይኑ ይጣመማል ወይም አንዱን ሁለት ያያል፣ አካሄዱ ይንገዳገዳል፣ ንግግሩ ይዘባረቃል። ቤተሰብ «ዛሬም ጠጥቷል» ብሎ ያልፈዋል። ቶሎ ካልታከመ የማስታወስ ችሎታው እስከ መጨረሻው ሊሄድ ይችላል። እና እባካችሁ፣ ሰፈር ክሊኒክ ወስዳችሁ «ደክሞታልና ግሉኮስ ይተከልለት» የምትሉትን ነገር ተዉ። ቢ1 ላለቀበት አንጎል ግሉኮስ ብቻውን ነገሩን ሊያብሰው ይችላል። መተከል ካለበት ታያሚኑ ቀድሞ ወይም አብሮ መሰጠቱን ጠይቁ። መጠየቅ ነውር አይደለም።

ታዲያ ወንድምሽ ለምን ቤቱ ሆኖ አይታከምም? ከዚህ በፊት ሲያቆም የተንፈራገጠ ወይም የቃዠ ሰው፣ ነፍሰ ጡር፣ ከባድ የልብ ወይም የጉበት ሕመም ያለበት፣ ራሱን ለማጥፋት ያሰበ፣ ሌሊት አብሮት የሚያድር ሰው የሌለው፣ እነዚህ ተኝተው ነው የሚታከሙት። ወንድምሽ ከፊተኞቹ ነው። በዚያ ላይ ይህ ነገር እየተደጋገመ ሲሄድ እየከፋ የሚመጣ ጠባይ አለው። በድንገት ባቆመና በጀመረ ቁጥር የሚቀጥለው ማቆም ይብስበታል። ካቻምና ክብሪት አሽትታችሁ ተነሳ ማለት ዘንድሮም ይነሳል ማለት አይደለም። ለነገሩ ያኔም ያነቃው ክብሪቱ አልነበረም። አብዛኛው መንፈራገጥ በጥቂት ደቂቃ ውስጥ በራሱ ያልፋል፤ ክብሪቱ የደረሰው ሊያልፍ ሲል ነው። የሚተኛው ብዙ ጊዜ ከሳምንት ብዙም አይበልጥም። የቀረውን ሕክምና እየተመላለሰ መቀጠል ይችላል። የጓደኛሽ ምክር ያኔ ይሠራል።

ቫልየሙን በተመለከተ። ቫልየም ማለት ዲያዜፓም ነው፤ መድኃኒቱ ስህተት ነው ማለቴ አይደለም። ስህተቱ አረቄ ሆዱ ውስጥ እያለ መጠኑ ሳይታወቅ መስጠቱ ነው። ሁለቱ ተደርበው ትንፋሽ ሊያቆሙ ይችላሉ። እያደር ደግሞ ራሱ ቫልየሙ ሱስ ይሆናል። ከአንዱ አውጥቶ ሌላው ውስጥ መክተት ነው። እዚያው ጎረቤታችሁ ጋ ይቅር።

አሁን እናትሽ። እዚህ ላይ ከአንቺ ጋር አልስማማም። እሳቸው ከሁላችሁም ቀድመው አንድ ነገር ገብቷቸዋል። ልጃቸው ጠዋት የሚጠጣው ለደስታ ሳይሆን ለመቆም እንደሆነ አይተዋል። የቀዱለት መለኪያ አያድነውም፤ ያንን እሳቸውም ያውቁታል። ግን እስካሁን ተጨማሪ መውደቅ ያልመጣው ምናልባት በእሱ ምክንያት ሊሆን ይችላል። «ገዳይ» ያልሻቸውን ሴት ሄደሽ ይቅርታ ጠይቂያቸው። ከዚያ አጠገባቸው ተቀምጠሽ ወረቀት አውጪ። ጠዋት ስንት ሰዓት ላይ ይቀዱለታል? ስንት መለኪያ? ቀን ስንት? ሳይጠጣ የዋለበት ቀን አለ? ሐኪሙ የሚፈልገው ይህን ነው፤ እውነቱን የሚያውቁት ደግሞ እሳቸው ናቸው። ወንድምሽ ራሱ ሲጠየቅ ግማሹን ነው የሚናገረው፤ ሁሉም ጠጪ እንደዚያ ነው። ከሆስፒታል ሲወጣ ኪኒን ይዞ ሰዓት ጠብቆ የሚሰጥ ሰው ሲያስፈልግም ከእሳቸው የተሻለ አታገኚም።

ስለ ጾሙና ጸበሉ። ሃይማኖታችሁን አልነካም። ግን ይህ ሰው በመጀመሪያዎቹ ቀናት መብላት አለበት፣ ውሃ መጠጣት አለበት። ለታመመ ሰው ጾም አይጠናበትም፤ የንስሐ አባታችሁን ብትጠይቋቸው ይህንኑ ነው የሚነግሯችሁ። እንዲያውም አስቀድመሽ እሳቸውን አነጋግሪ። አጎታችሁ ከእኔም ከአንቺም ይልቅ የሚሰሙት እሳቸውን ነው። ሰውነቱ ከተረጋጋ በኋላ ጸበል መሄድ ቢፈልግ ይሂድ፤ ኪኒኑንም ሳያቋርጥ። ለብዙ ሰው መንፈሱን የሚያቆምለት እሱ ነው። የምፈራው የመጀመሪያውን ሳምንት ነው። ጸበል ቦታ ሌሊት ሲንፈራገጥ «መንፈሱ እየጮኸ ነው» ተብሎ ጸበል ሲጨመርበት ያድራል፤ እውነተኛው እርዳታ ይዘገያል።

«አማኑኤል በፍጹም» ያልሽው አልገረመኝም። «አማኑኤል ይውሰዱህ» ስድብ በሆነበት ከተማ ነው ያደግነው። ሆስፒታሉ ለረጅም ዘመን በአገሪቱ ብቸኛው የአእምሮ ሆስፒታል ስለነበር ስሙ ከእብደት ጋር ተጣብቆ ቀረ። ግን ስለ ሱስ ብዙ ያየ ባለሙያ የት አለ ብትዪኝ መጀመሪያ የምጠራልሽ እሱን ነው። ካልሆነም ጳውሎስና ዘውዲቱ የአእምሮ ሕክምና ክፍል አላቸው። እዚያ ስትገቡ «ለጉበቱ ነው የመጣው» ብትሉ ማን ይጠይቃችኋል? ጤና ጣቢያችሁ ሄዳችሁ ሪፈር አጽፉ። መደበኛው መንገድ እሱ ነው። አልጋ የለም ከተባለ ደግሞ ጠቅላላ ሆስፒታል የውስጥ ደዌ ክፍልም ይህን ያክማል። ዝም ብላችሁ እንዳትመለሱ፤ ካቻምና የሆነውን ደግማችሁ ንገሩ።

ጫቱን በተመለከተ አጭር መልስ አለኝ። ጫት ሲቀር እንቅልፍ ይጫናል፣ ይነጫነጫል፣ ይደበታል፣ ሌሊት ዱካክ ይመጣል። ያስጠላል እንጂ እንደ አረቄው አያሰጋም። መጠጡ እየወጣለት ባለበት ሳምንት ግን ጫት አይቅመስ፤ ልብና ግፊትን ያፈጥናል፣ እንቅልፍ ይነሳል፣ ከዚያ ደግሞ ጨብሲ ይከተላል። ለሐኪሙ አትደብቁት።

ሐኪም እስኪያየው ድረስ ባሉት ቀናት የለመደውን ያህል ይጠጣ፤ አይጨምር፣ በአንዴም አያቋርጥ። ምግብ ይብላ። ብየዳ አይሥራ፣ መሰላል ላይ አይውጣ፣ ሌሊት ብቻውን አይደር። ቢወድቅ በጎኑ አስተኙት፣ ራሱን ጨርቅ አንተርሱት፣ አጠገቡ ያለውን ወንበርና ስለት አርቁ። አፉ ውስጥ ማንኪያ አትክተቱ። አትጫኑት። ክብሪቱም ይቅር። የቀይ መስቀል አምቡላንስ ቁጥር 907 ነው። ይሻለዋል ብላችሁ አታሳድሩት፤ ቢነቃም ሆስፒታል ይወሰድ። መቃዠት፣ ትኩሳት፣ የማያባራ ማስመለስ፣ ደም ማስመለስ ካያችሁም እንደዚሁ ነው።

ከሆስፒታል ሲወጣ «ተገላገልን» እንዳትሉ። በዚያ ሳምንት የወጣው ከሰውነቱ ያለው አልኮል ነው። ፍላጎቱ እዚያው አለ። ደመወዝ ቀን፣ ለቅሶ ቤት፣ ሠርግ፣ የድሮ ጓደኛ፣ ሁሉም ይጠብቁታል። ለፍላጎቱም መድኃኒት አለ። ናልትሬክሶንና አካምፕሮሴት በ2023 እ.ኤ.አ. በዓለም ጤና ድርጅት አስፈላጊ መድኃኒቶች ዝርዝር ውስጥ ገብተዋል። ሐኪሙን በስማቸው ጠይቁት። ዳይሰልፊራም የሚባልም አለ፤ እሱን ወስዶ የጠጣ ሰው ፊቱ ይቀላል፣ ልቡ ይመታል፣ ያስመልሰዋል። ይህን የሰሙ አንዳንድ ቤተሰቦች ወጥ ውስጥ ደብቀው ሊሰጡ ይሞክራሉ። በጭራሽ አታድርጉት። ሳያውቅ ወስዶ ደጋግሞ ቢጠጣ ልቡ ሊቆም ይችላል። መድኃኒቱ የሚሠራው ራሱ አውቆ ሲወስደው ነው። ቢመለስና ቢጠጣም አትቆጡት፤ ቶሎ ወደ ሐኪሙ መልሱት። በሱስ ሕክምና መንሸራተት ያለ ነገር ነው።

አጎታችሁን አትቀየሚያቸው። ሁለት ሳምንት ሙሉ በር ሊጠብቁለት የተነሱ ሰው ናቸው። ከቁልፉ ይልቅ ሌላ ሥራ ስጫቸው። ግሮሰሪው ባለቤት ጋ ሄደው «ለዚህ ልጅ በዱቤ አትስጥብን» ይበሉ። ከእሳቸው አፍ ሲሆን ይሰማል። የሚያውቁት ብየዳ ቤት ካለም ከአሁኑ ያነጋግሩለት። ግማሽ ቀንም ይሁን፣ መጀመሪያ ላይ ማቀበልም ይሁን፣ ብቻ መንገዱ በግሮሰሪው በር የማያሳልፍ ቢሆን።